ስለ ፓውደሩ ክስ ትንሽ ላውራ

የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ የሕፃናት ፓውደር ካንሰር አስይዞናል የሚሉ ሰዎች ያቀረቡት ክስ ዜና በሆነ ቁጥር ሰዉ የሚያወራው ስለ ዶላሩ ነው። እኔን የሚገርመኝ ድንጋዩ ነው። ፓውደሩ ይሠራበት የነበረው ታልክ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ በጣም ለስላሳ ማዕድን ነው፤ ችግሩ አንዳንዴ አስቤስቶስ የሚባል ሌላ ማዕድንም እዚያው አጠገቡ መገኘቱ ነው። አስቤስቶስ ደግሞ ካንሰር እንደሚያመጣ ማንም አይከራከርም። ስለዚህ ሙግቱ ሁለት ነው። ፓውደሩ ውስጥ አስቤስቶስ ነበረ ወይ? ቢኖርስ የከሳሿን ሴት ካንሰር ያመጣው እሱ ነው ወይ? ሁለተኛው ይከብዳል፤ ሳይንሱ የሚያወራው ስለ ብዙ ሰው ነው፣ ችሎት የቀረበችው ግን አንዲት ሴት ናት።

እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ሚዙሪ ውስጥ ጁሪው (ከተራ ዜጎች የተመረጠው የፈራጆች ቡድን) የኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻ) ካንሰር ለያዛቸው 22 ሴቶች 4.69 ቢሊዮን ዶላር ፈረደ። ይግባኝ ሲባል ወደ 2.1 ቢሊዮን ገደማ ወረደ። ኩባንያው ምርቴ ካንሰር አያመጣም ባይ ነው፤ ያም ሆኖ በ2023 ታልኩን በዓለም ዙሪያ ትቶ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል።

እኔን ያናደደኝ የኪሳራው ጨዋታ ነው። የክሱን ሸክም ለአዲስ ኩባንያ አሸክሞ፣ ያንን ኩባንያ ከስሬያለሁ ማስባል! ሦስት ጊዜ ሞከሩት፣ ሦስቱም ፍርድ ቤት ላይ ወደቀባቸው፤ የመጨረሻው በ2025 ሂዩስተን ውስጥ።

በ2024 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ታልክን «ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው» ከሚላቸው ጎራ መድቦታል። ይህ ምደባ ግን የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይናገርም፤ ዜናው ላይ ይህቺ ነገር ብዙ ጊዜ ትዘለላለች።