ቴስቱንም ፈትሹት
ይቺ ነገር አሁንም ትከነክነኛለች። ደብረ ማርቆስ ሆነን ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር የበቆሎ መረከቢያ ሲስተም ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንሠራ ነበር። ኮዱን ሳያስኬድ ስህተት የሚፈልገው መሣሪያ፣ ፒኤችፒስታን፣ የሚያየው የዋናውን ኮድ ፎልደር ብቻ ነው። ኮዱን እያስኬዱ የሚሞክሩትን የቴስት ፋይሎች ፎልደርም እንጨምረው ብል ቲም ሊደራችን አልተቀበሉኝም።

«ወንድማለም፣ ቴስት ራሱ ፈታሽ ነው። ፈታሽ ደግሞ ይፈተሻል እንዴ? ቴስቱ አልፎ አረንጓዴ ካለ አለቀ!»

«ጋሼ፣ አረንጓዴ የሚለው እኮ ፒኤችፒ ታይፑን፣ የዳታውን ዓይነት፣ በዝምታ እየቀየረልን ነው» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም፤ ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባል የሚፈልገው የኮዱ ክፍል፣ ሜተዱ፣ የአባል ቁጥርን በኢንቲጀር፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር፣ ይቀበላል። ቴስቱ ደግሞ «0047» የሚል ስትሪንግ፣ ማለትም ጽሑፍ፣ ይሰጠዋል፤ መታወቂያው ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነዋ። ፒኤችፒ ታይፕ በዝምታ እንዳይቀይር የሚከለክለው ትእዛዝ፣ ስትሪክት ታይፕስ፣ የሚሠራው ሜተዱን በሚጠራው ፋይል ነው። ሜተዱ ባለበት ፋይል ላይ ብትጽፈው ለዚህ አይረዳህም። የቴስት ፋይሎቻችን ላይ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ፒኤችፒ «0047»ን 47 አድርጎ ያሳልፈዋል። ከፎርሙ ተቀብሎ ሜተዱን የሚጠራው ኮንትሮለር ላይ ግን ተጽፏል። ከፎርም የሚመጣው ቁጥር ደግሞ ስትሪንግ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ታይፕ ኤረር፣ የዓይነት ስህተት፣ ይሆናል።

ኮንትሮለሩንስ ፒኤችፒስታን ለምን አልያዘውም? የፎርሙን ዳታ የሚያየው ሚክስድ፣ ማለትም ታይፑ ያልታወቀ፣ ብሎ ነው፣ ሚክስድ ላይ ጥብቅ የሚሆነው የጥብቅነት ደረጃው፣ ሌቭሉ፣ ከ9 ጀምሮ ሲሆን ነው፣ እኛ ደግሞ 5 ላይ ነበርን። የአርጉመንት ታይፕ ግን 5 ላይም ይታያል። ቴስቱን ቢያይ ኖሮ «ኢንቲጀር ይጠበቃል፣ የተሰጠው ስትሪንግ ነው» ብሎ ያቺን መስመር ያወጣት ነበር።

ቡሬ መጋዘን ላይ ርክክብ በተጀመረ ዕለት ሲስተሙ አንድም አባል መፈለግ አልቻለም። ገበሬው ኩንታሉን ተሸክሞ መጥቶ ፀሐይ ላይ ተሰልፎ፣ መዝጋቢዋ በስልክ «ምን ልበላቸው?» ስትለኝ በጣም ተናደድኩ።

የቴስት ፎልደሩ የዚያን ዕለት ማታ ተጨመረ። አንዱ ባልደረባዬ ቴስቱ ውስጥ ያለውን «0047» ወደ ኢንቲጀር ቀይረን ፒኤችፒስታን ያወጣውን ስህተት እንዝጋው አለ። እምቢ አልኩ። የአባል ቁጥር አይደመር፣ አይቀነስ፤ ፊቱ ያሉት ዜሮዎችም የቁጥሩ አካል ናቸው። ሜተዱ ራሱ ስትሪንግ እንዲቀበል አደረግነው።

አዲሱ ፕሮጀክት ላይ የቴስት ፎልደሩ አሁንም ውጭ ነው። ሰኞ ስብሰባ ላይ እንደገና አነሳዋለሁ።