ልጅሽ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?

አገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ስልክ በተደወለ ቁጥር ይጠይቁኛል። «እዚያ ልጅ ደግሞ ምን ያስጨንቀዋል? ሁሉ ሞልቶ!»

የምንኖረው ኦስሎ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ልጅ በ6 ዓመቱ ትምህርት ይጀምራል። እስከ 7ኛ ክፍል ማርክ የለም፤ ደረጃም የለም። እኔ ደግሞ «ስንተኛ ወጣሽ?» እየተባልኩ ያደግኩ ነኝ። አስተማሪ በዓመት ሁለት ጊዜ ወላጅን ለብቻ ያነጋግራል። ስለ ልጄ ጉብዝና ልሰማ ሄድኩ። አስተማሪዋ ስለ ሒሳብ ትንሽ ተናገረችና፣ «ልጅሽ እረፍት ላይ ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን ትቆማለች» አለች።

አስተርጓሚው ሐበሻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምንተያይ ሰው። ያንን በአማርኛ ሲነግረኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዛሬም ሳየው ፊቴ ይግላል።

አገር ቤት እኛ ሰፈር ብቻውን የቆመ ልጅ የለም። ጎረቤት ጎትታ አስገብታ ከልጆቿ ጋር ታበላዋለች። ይህን በኩራት ነው የምናገረው። ግን የካርድ ቀን ሲደርስ ሆዱን እየቆረጠው የሚያድር ልጅስ የማን ነው? እዚህ ደግሞ ልጅን በደረጃ አያስጨንቁትም፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ለመጫወት ግን ወላጅ ለወላጅ ጽፎ ቀጠሮ መያዝ አለበት!

ትምህርት ቤቱ ክፍሉን አራት አምስት ልጅ ባለው ቡድን ከፈለው። «ቬነግሩፐ» ይሉታል፤ የጓደኛ ቡድን ማለት ነው። ተጫዋቹም ዝምተኛውም ይደባለቃል። እንደ ጽዋ ማኅበር በየቤቱ በተራ ይዞራል። ቀላል ምግብ፣ ጨዋታ፣ በቃ። ስጦታ የለም። ተራው እኛ ጋ ሲደርስ ልጄ እንጀራ አቆራረስ ታሳያቸው ጀመር። ከማጀት ሆኜ ድምጿን ሰማሁት። እቤት የማውቀው ያ ጮክ ያለ ድምጿ፣ በኖርዌይኛ! አለቀስኩ።

ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ ስሙኝ። ልጅ ቋንቋ እስኪለምድ ዝም ይላል። «ጨዋ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከማን ጋር እንደተጫወተ ጠይቁት፤ የቤት ሥራው ይደርሳል። የልደት ጥሪ ከመጣ የሥራ ፈረቃ ተቀያይራችሁም ቢሆን ውሰዱት። እንዲህ ያለ ቡድን በሁሉም ትምህርት ቤት የለም። ከሌለ የክፍሉን የወላጅ ተወካዮች አነጋግሩ። አስተርጓሚ ካስፈለጋችሁ ደግሞ የማያውቃችሁ ሰው በስልክ እንዲሆንላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።