ኮልትሬን በአዲስ አበባ መብራት

ሸክላ ሰብሳቢዎች ስንገናኝ ወሬያችን አይለወጥም። ምን አገኘህ? ማን አመጣልህ? ስንት ወጣብህ? እኔም የማወራው ያንኑ ነበር። ሰሞኑን ግን ሐሳቤን የያዘው ሌላ ነገር ነው፤ ፍጥነት። ኤልፒ ሸክላ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ ይዞራል። ይቺ ቁጥር ከተዛባች ኦሪጅናል ህትመት ይኑራችሁ ድጋሚ ህትመት፣ የምትሰሙት ሌላ ሙዚቃ ነው። ዕቃውን ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ቀኑም ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

እህቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ማጫወቻ ይዛልኝ መጣች። ያገለገለ ነው፣ በቺንጋ የሚዞር፣ የእንጨት ገላው ዓይን የሚስብ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቃል። ከመርካቶ ትራንስፎርመር ገዛሁና ሰካሁት። መጀመሪያ ያጫወትኩት የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን የጆን ኮልትሬንን «ብሉ ትሬን» ነው፤ በሲዲ እያንዳንዷን ኖታ የማውቀውን። የ1957 ቅጂ፣ ሊ ሞርጋን ትራምፔት፣ ከርቲስ ፉለር ትሮምቦን። መርፌው ወረደ። የኮልትሬን ቴነር ሳክስፎን እንደ ወፍራሙ ባሪቶን ሆኖ መጣ። ሞርጋን ደግሞ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ይጎትታል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትራንስፎርመር የሚለውጠው ቮልቱን ብቻ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛ 50። ሄርዝ የሚሉት እሱን ነው። ብዙዎቹ የድሮ የቺንጋ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከዚሁ ሄርዝ ነው። ስለዚህ 33 ከሲሶው እኛ አገር ሲደርስ 27.8 ይሆናል። በፒያኖ ቁልፍ ሲቆጠር፣ ጥቁሮቹን ጨምሮ፣ ሦስት ቁልፍ ያህል መውረድ ማለት ነው። የትኛውም ትራንስፎርመር ይሄን አያስተካክልም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢምል።

ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ኤምኬ2 ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። ሸክላው የሚቀመጥበትን ሳህን በቀጥታ የሚያዞረው ሞተር ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው በራሱ ክሪስታል ስለሆነ፣ ቮልቱን ካስተካከላችሁለት ይበቃዋል። የሚገርመው ጃፓን ራሷ ለሁለት የተከፈለች አገር ናት። በቶኪዮ በኩል 50፣ በኦሳካ በኩል 60 ሄርዝ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የቺንጋ ማጫወቻቸውን ከሁለት ዓይነት ፑሌጃ፣ ማለትም ሞተሩ ላይ ሆና ቺንጋውን ከምታዞረው ክብ ብረት፣ ጋር ይሸጡ የነበረው ለዚህ ነው። ያገለገለ የጃፓን ማጫወቻ ስትገዙ ሁለተኛው ፑሌጃ አብሮ መኖሩን ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቷል፤ ግን መጠየቅ አይከፋም።

የኔው የአሜሪካ ገበያ ዕቃ ነውና ሁለተኛ ፑሌጃ የለውም። ይዤው ወደ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ሸምገል ያሉ ናቸው። ፑሌጃዋን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሯት።

«የምንድን ነው ይሄ?»

«የሸክላ ማጫወቻ ነው ጋሼ። ጃዝ ነው የምሰማበት።»

«ጃዝ ማለት ሙላቱ አይደል እንዴ? ሙላቱን ለመስማት ይሄ ሁሉ ጣጣ?»

ሳቅሁና ስሌቴን አሳየኋቸው። 60 ለ50 ሲካፈል 1.2 ነው። ዲያሜትሩ በ1.2 ይባዛና በነሐስ ይቆረጥ። ካሊፐራቸውን አወጡ፣ ፑሌጃዋን ለኩ፣ ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። ቺንጋውንም ለኩት። «ልጄ፣ ይሄ ጎማ እኮ ውፍረት አለው። የምታሰላው ነሐሱን ብቻ ከሆነ ትንሽ ይዘገይብሃል። ግማሽ ውፍረቱን በዚህ፣ ግማሹን በዚያ ጨምረህ ነው የምታባዛው፤ ከዚያ ውፍረቱን መልሰህ ትቀንሳለህ።» እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ የሚሊሜትር ሽርፍራፊ ነው፣ ጆሮ ግን ይሰማዋል። በሳቸው ልክ ተቆረጠ። ለ33ቱም፣ በደቂቃ 45 ጊዜ ለሚዞሩት ትንንሽ ሸክላዎችም ደረጃ አወጡለት።

ፍጥነቱን ለመፈተሽ የመስመር ወረቀት አለ። ክብ ወረቀት ላይ ጥቁርና ነጭ መስመሮች ታትመውበት ሳህኑ ላይ ይቀመጣል፤ በመብራት ሲታይ መስመሮቹ የቆሙ ከመሰሉ ፍጥነቱ ልክ ነው። እዚህም ላይ አገር ይለያል። የአሜሪካው ወረቀት ለ33ቱ 216 መስመር አለው፣ ለእኛ መብራት የሚሆነው 180 ነው። ከኢንተርኔት ስታወርዱ 50 ሄርዝ የሚለውን ምረጡ። ወረቀቱን ደግሞ በኤልኢዲ አትሞክሩት፤ ብዙዎቹ እንደ ድሮው መብራት ስለማይርገበገቡ መስመሮቹ ተቀላቅለው ግራጫ ይሆናሉ። የድሮ ፍሎረሰንት ጥሩ ነው። ትራንስፎርመሩን በተመለከተ፣ ከማጫወቻው አርቁት። አጠገቡ ከሆነ መርፌው ያለበት ራስ ይስበውና ሙዚቃው ሥር «ዝዝዝ» የሚል ነገር አይጠፋም።

ቀጥሎ የመጣው የትራምፔት ተጫዋቹ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ነው። የኔው ሲቢኤስ ሶኒ ያተመው የጃፓን ቅጂ ነው፣ የድሮው። ማሽኑን ካስተካከልኩ በኋላ የእህቴን ልጅ ኪቦርድ አጠገቤ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሙዚቃ ቤዝ የሚያርፈው ሬ ላይ መሆን አለበት። ሬን ተጫንኩ። ሸክላው ከፍ ይላል። ብዙ አይደለም፣ ግን ሬም አይደለም፣ ቀጣዩ ጥቁር ቁልፍም አይደለም። መስመሮቹን አየሁ፣ ቆመዋል። ሸክላውን ገለበጥኩት። ሁለተኛው ፊት የሚጀምርበት ሙዚቃ በሶል ነው። ሶልን ተጫንኩ፤ ቁጭ አለ። እዚህ ላይ ማሽኑ ነጻ ወጣ።

ምስጢሩ ኒውዮርክ ነው ያለው፤ የኮሎምቢያ የ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ፣ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን። መጋቢት 2 ቀን 1959 የመጀመሪያው ፊት ሦስት ሙዚቃዎች ሲቀረጹ ዋናው ቴፕ በጥቂቱ ዘግይቶ ይዞር ነበር። ዘግይቶ የተቀዳ ነገር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይወጣል። ሁለተኛው ፊት በሚያዝያ 22 ስለተቀረጸ ከዚህ ተርፏል። ደግነቱ የመጀመሪያው ቀን በመጠባበቂያ ማሽንም ተቀድቶ ነበርና በ1992 ከሱ ላይ ታረመ። ከዚያ በፊት የወጡት ሁሉ ግን የጃፓኑንም ጨምሮ አንደኛው ፊት ፈጣን ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ከሸክላው ጋር እየነፉ የተማሩ ልጆች መሣሪያቸውን ምን ያህል ጊዜ ሰድበውት ይሆን?

የታረመውም አለኝ። በእውነት ለመናገር ፈጣኑን እወደዋለሁ። የመጀመሪያው ፊት ትንሽ ብርሃን አለው። ይሄ የኔ ነው፣ አትከራከሩኝ።

ስለ ህትመት መለየት ረጅም አልጽፍም፤ የሚጽፈው ሞልቷል። ብሉ ኖት የተባለው የጃዝ አሳታሚ ላወጣቸው ከሽፋኑ ይልቅ ከመጨረሻው ሙዚቃ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ እዩ። የቫን ጌልደር ስም ወይም የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ከታተሙበት፣ ለህትመት የሚሆነውን ዋና ሸክላ የቆረጠው ራሱ የድምፅ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር ነው። ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ከተጨመረች ድርጅቱ ሊበርቲ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ከመሸጡ በፊት በፕላስቲላይት ፋብሪካ የታተመ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ። የኔ አቅም ጃፓን ላይ ነው የሚያርፈው። ከ1977 ጀምሮ ኪንግ የተባለው ድርጅት ያተማቸው ብሉ ኖቶች ጥሩ ናቸው። ጭጭ ያሉ ናቸው፤ ጭረት የለ፣ ፍንጣቂ የለ። ጎናቸው ላይ ጃፓንኛ የተጻፈበት የወረቀት መቀነት አላቸው። መቀነቱን አትጣሉት፤ ስትሸጡ ዋጋ ያወጣል።

ሻንጣ ውስጥ ሲመጣ ሸክላውን ከውጨኛው ሽፋን አውጥታችሁ፣ ከውስጠኛው ወረቀት ጋር ከኋላው አድርጉት። ካልሆነ በጉዞ ላይ ጠርዙ ሽፋኑን ይቀደዋል። ቤት ሲደርስ ደግሞ አቁሙት፣ አንዱን ባንዱ ላይ አትደርድሩት።

አሁን ያለሁት 45ቶቹ ላይ ነው። እነዚህ የራሳችን ናቸው፤ አምሃ እሸቴ በ1969 በአምሃ ሪከርድስ ማሳተም የጀመረው ዓይነት። ማተሚያ ፋብሪካ እዚህ ስላልነበረ ውጭ አገር እየታተሙ ነበር የሚመጡት። ስለዚህ የአገሬ ሙዚቃም ከኮልትሬን ጎን «ከውጭ የገባ» መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ችግሩ የሚመሳከር ነገር ማጣት ነው። የማይልስን በኪቦርድ ፈተሽኩት፤ እዚህ ግን ዘፋኙ የዚያን ቀን በየትኛው ቁልፍ እንደጀመረ ማን ይነግረኛል? ያለኝ የመስመር ወረቀቱ ብቻ ነው።

እሱም ለ45 ፈተና አለው። በእኛ 50 ሄርዝ መብራት የሚያስፈልገው የመስመር ብዛት 133 ከሲሶ ነው፤ ሲሶ መስመር ደግሞ አይታተምም። ወረቀቱ ላይ ያለው 133 ስለሆነ መስመሮቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ፍጥነቱ 45.11 ሲሆን ነው። ልክ 45 ስትሆኑ በጣም ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ። ያንን ካያችሁ ሞተሩን አትነካኩት፣ ልክ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ፦ የማጫወቻ ቺንጋ አዲስ አበባ ውስጥ የት ይገኛል? የኔው መላላት ጀምሯል፣ እህቴ የምትመጣው ደግሞ ለገና ነው።