የሮኪ ተራሮችን ሥዕል ለጨረታ ስሰጥ

ለበጎ አድራጎት ጨረታ መጀመሪያ ሥዕል የሰጠሁት አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ግዛት ወዳለችው ዴንቨር በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ትልቅ ሸራ ላይ የሮኪ ተራሮችን ደርድሬ፣ ለፍሬሙ ብቻ 140 ዶላር ከፈልኩ። በ90 ዶላር ተሸጠ። ገቢው ለሕፃናት ሕክምና ነበርና ከዚያ በላይ ሳይገኝላቸው መቅረቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ።

በኋላ ፎቶውን ደጋግሜ ሳየው ጥፋቴ ገባኝ። የሩቁን ተራራ ሁሉ በሰማያዊ ጭጋግ አልብሼዋለሁ። በልጅነቴ ከደባርቅ ሆኜ ያየኋቸው የሰሜን ተራሮች በራቁ ቁጥር እየደበዘዙ ነበር የሚሄዱት፤ እጄ የለመደውን ሠራ። የኮሎራዶ አየር ግን ደረቅ ነው፤ ከሩቅ ያለ ገደል ስንጥቁ ሳይቀር ይታያል። የአገሩ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን ተራራ በስም ያውቀዋል። የእኔው ስም የለሽ ነበር።

በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስቼ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወዳለው ቤር ሌክ ሐይቅ ሄድኩ። ፀሐይ ብቅ ስትል ከሐይቁ በላይ ያለው የሃሌት ፒክ ተራራ ገደል እንደ ጋለ ብረት ቀላ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ግራጫ ድንጋይነቱ ተመለሰ። አክሪሊኩ (በውሃ የሚቀጥነው፣ ቶሎ የሚደርቀው ቀለም) በዚያ አየር ቡርሹ ላይ እያለ ይደርቅብኛል (አሁን ቀለም ከማደባልቅበት ወረቀት ሥር እርጥብ ጨርቅ አነጥፋለሁ)። ስለዚህ እዚያው ጥላው የወደቀበትን ቦታና ሦስት ቀለም ብቻ ይዤ፣ የቀረውን ቤቴ በዘይት ቀለም ጨረስኩ። ታዋቂው ሠዓሊ ቶማስ ሞራንም እ.ኤ.አ. በ1871 በምዕራብ አሜሪካ ወዳለው የሎውስቶን ሲሄድ ቦታው ላይ የያዘው ንድፍ ነበር፤ በ1872 የአሜሪካ ኮንግረስ በ10,000 ዶላር የገዛውን ግዙፍ ሥዕል የሠራው ከተመለሰ በኋላ ነው።

ሥዕሉን ከማስረከቤ በፊት ከአዘጋጆቹ ጋር ቁጭ ብዬ ተነጋገርኩ። ተጫራቹ ዋጋውን ወረቀት ላይ የሚጽፍበት ጨረታ ስለሆነ መነሻው 250 ዶላር፣ ጭማሪው ከ25 እንዳያንስ ተስማማን። ባለፈው ጊዜ መነሻ ዋጋ አልነበረውም፤ ትልቁ ስህተት ይኸው ነው። ከጀርባው ማንጠልጠያ ሽቦ አሰርኩ፤ ከጎኑ የተራራውን ስም፣ ሰዓቱንና የቆምኩበትን ቦታ የሚገልጽ ካርድ አደረግሁ።

አሜሪካ ላላችሁ ሠዓሊዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የራሳችሁን ሥራ ስትለግሱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያችሁ የሚቀነስላችሁ የሸራና የቀለም ወጪው እንጂ የሥዕሉ የገበያ ዋጋ አይደለም። እኔ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢሆንም ደረሰኞቻችሁን አትጣሉ።

ሥዕሉ 625 ዶላር ገባ። ያሸነፉት አሮጊት ሲረከቡኝ ጠጋ ብለው አዩትና በሃሌትና በጎረቤቱ በፍላትቶፕ ተራራ መካከል ወዳለው ሸለቆ እየጠቆሙ፣ «ነፋሱ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው» አሉኝ። ያን ጠዋት ሐይቁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት፣ የሣልኩትም፣ በዚያው በኩል ነበር።