«ደክሞኝ ነው» እያልኩ ያለፍኩት ዓመት

መጋቢት ላይ ነው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይቺ አልገባችኝም» አለችኝ። የክፍልፋይ ድምር ነው። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት አምስተኛ ብላ ጽፋለች። ላዩንም ታቹንም ደምራዋለች።

ድሮ እንዲህ ያለ ስህተት ሳገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጅቷ የቱ ጋ እንደሳተች ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ወረቀት አጥፌ፣ ቀድጄ አሳያታለሁ። ያን ቀን ግን ደብተሩን አየሁት፣ ምንም አልተሰማኝም። «ሂጂ ተቀመጪ» አልኳት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ተመለሰች። ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው የደነገጥኩት በተናገርኩት አልነበረም። አለማዘኔ ነው ያስፈራኝ።

ከዓመት በላይ «ደክሞኝ ነው» ስል ነበር። ሰበብ አላጣም። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ንጋት 11 ሰዓት እነሳለሁ። ውሃ ከመጣ ጄሪካን እሞላለሁ፣ ከዚያ የታክሲ ሰልፍ። ቃሊቲ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አምስት ሴክሽን ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በክፍል 60 ገደማ ልጅ አለ። ከሥራ በኋላ ሁለት ቤት አስጠናለሁ። ቤቴ ስገባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ያልፋል። እንዲህ የሚኖር ሰው ቢደክመው ምን ይገርማል?

ግን በሴሚስተሩ እረፍት ሳምንቱን ሙሉ ተኝቼ ሰኞ ስነሳ ያው ነበርኩ። ድካም ቢሆን እንቅልፍ ይፈታው ነበር። እሑድ ከሰዓት ሆዴ ይታወካል። ጎረቤቴ እማማ ቡና ሲጠሩኝ በር ዘግቼ ዝም እላለሁ። በመጨረሻ በር ላይ ቆመው «ልጄ፣ ምን አጠፋሁብሽ?» አሉኝ። ይሄ ቃል እስካሁን ይሰማኛል።

እናቴ «ዓይን ነው፣ ጸበል ሂጂ» አለች። ሄድኩ፤ ልቤ ትንሽ አረፈ። ጤና ጣቢያም ሄድኩ፤ ይህን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የታይሮይድ ችግርም እንዲህ ያዝላሉና። የእኔ ምርመራ ደህና ሆነ። ያየኝ የጤና መኮንን ስለ ሥራዬ ብዙ ጠየቀኝ። «በርንአውት ሳይሆን አይቀርም» አለኝ፤ በሥራ ጫና ውስጥን ተሟጦ ማለቅ ማለት ነው። ከሥራ ውጪም ሁሉም ነገር ከጨለመብኝ፣ መኖር ካስጠላኝ ግን ሳልውል ሳላድር የአእምሮ ሐኪም ጋ እንድሄድ አስጠነቀቀኝ።

ቃሉን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። በ1974 እ.ኤ.አ. ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው በጽሑፍ ያስተዋወቀው፤ ያየውም ሰው ለመርዳት ደፋ ቀና ሲሉ ውስጣቸው ባዶ በቀረ ሠራተኞች ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው የበሽታዎች ምድብ ውስጥ አስፍሮታል፤ በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ጋር በተያያዘ ክስተትነት። መፍትሔ ያላገኘ የቆየ የሥራ ጫና ያመጣዋል ይላል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ልብ ከሥራው መሸሽ፣ ሥራው ፍሬ አልባ እየሆነ መሄድ። ሁለተኛውን ሳነብ ልጅቷ ትዝ አለችኝ። እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነበር የማየው። ክፉ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ራሴን ስረግም ከርሜያለሁ።

ከዚያ በደብተር ጀርባ ለሁለት ሳምንት ሰዓቴን መዘገብኩ። መንገዱን ሳይጨምር በሳምንት 70 ሰዓት ሆነ! ለካ ማስተማሩ አልነበረም የጨረሰኝ፤ እርማቱና ማርክ መሙላቱ ነው።

አንዱን የማስጠናት ቤት ተውኩ። ገንዘቡ ጎድቶናል፣ አልደብቅም፤ ባለቤቴና እኔ ሁለት ማታ ተጨቃጭቀንበታል። ርዕሰ መምህሩን ሴክሽን እንዲቀንስልኝ ጠየቅኩ፣ አልሆነም። የመዘገብኩትን ሰዓት ሳሳየው ግን ማርክ የሚሞላ ረዳት ለሁለት ሴክሽን ሰጠኝ። የክፍል ሥራ ልጆቹ ደብተር ተለዋውጠው ያርማሉ፣ እኔ በመሃላቸው እዞራለሁ። ዓርብ ደብተር ተሸክሜ ቤት አልገባም። እማማንም ይቅርታ ጠይቄ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እጠጣለሁ።

ልጅቷን ጠርቼ ወረቀት አጥፌ ያስረዳኋት ግንቦት ላይ ነው። ያን ቀንም ደስታው ሙሉ አልነበረም። ቀስ እያለ ነው የሚመለሰው፤ ወራት ፈጅቶብኛል።

አሁንም እሑድ ማታ ሰዓቴን እደምራለሁ። ባለፈው ሳምንት 61 ደርሷል፤ ፈተና እየቀረበ ነው። የማስጠናት ቤቷን እናት ሐሙስ ሐሙስ እንደማልመጣ ነገ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።