ጓሮዬን የወረሰው ነጭ አበባ

ሐረር ላይ የበልግ ዝናብ ሲጥል ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ በሁለት ሳምንት መልኩ ይቀየራል። ደርቆ የከረመው ሜዳ ሰማያዊ የውሃ አንቁር ያወጣል። ያንን ጓሮዬ ውስጥ ማየት ፈለግኩ።

አገሩ ለአበባ የተመቸ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን አየሩም ዕፅዋቱም ይለወጣሉ። ዝናቡም ሁለት ጊዜ ነው፣ በልግና ክረምት። አንዱ አበባ ያኛውን ይጠብቃል፣ ሌላው ይሄኛውን።

የዱር አበባ ዘር ለቀምኩ፣ ወረቀት ላይ አደረቅኩ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ በተንኩ። እዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

የተበላሸው አፈሩ ላይ ነው። ምክር ብጠይቅ አንድ ባለሙያ መሬቱ ደካማ ስለሆነ ጥቁር አፈርና ፍግ እንዳስመጣ፣ በየቀኑም ውሃ እንዳጠጣ ነገረኝ። አንድ አይሱዙ አፈር አስገለበጥኩ። ከየት እንደተቆፈረ እንኳ አልጠየቅኩም። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ዝናቡ እንደጣለ ቅጠሉ የካሮት የመሰለ ነገር ግጥም ብሎ በቀለ። ደስ አለኝ፤ ውሃ ጨመርኩለት! ወገቤ ድረስ አድጎ ቅንጬ የተበተነበት የሚመስል ነጭ አበባ አወጣ። ወተት የሚያመጡልን አዴ በር ላይ ቆመው አዩትና ደነገጡ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ፈረምሲሳ ነው። መሬትሽን አስፈርሞ ያስለቅቅሻል» አሉኝ። ላም ከበላችው ወተቱ እንደሚመርም ነገሩኝ።

በአማርኛ ቅንጬ አረም የሚባለው ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ እዚሁ ሐረርጌ ውስጥ የታየ መጤ አረም። በየመንገዱ ዳር ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፤ ጓሮዬ ሲገባ ግን አላወቅኩትም። በባዶ እጄ፣ በእጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነቀልኩት። ማታ ክንዴና አንገቴ በእከክ ነደደ። ሦስት ሳምንት በቅባት ኖርኩ።

ባለሙያው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «በጋ ሲገባ ይደርቃል» አለኝ። ደረቀ፣ እውነት ነው። አንዱ እግር ግን ከ15 ሺህ በላይ ዘር ሊጥል ይችላል፤ ሥሩና ቅጠሉ የሚያወጡት ነገር ደግሞ ጎረቤቱን ቡቃያ ያፍናል። ከዘራሁት አንድም አላየሁም። ይሄን ሳይነግረኝ በመቅረቱ አሁንም እናደዳለሁ።

ያመጣሁትን አፈር በሙሉ አስጠረግኩ። በአሮጌው ጠጠራም መሬት ላይ ያለ ፍግ እንደገና ዘራሁ። የውሃ አንቁሩ ወጣ። ጠዋት ይፈካል፣ እኩለ ቀን ሳይርቅ ይከደናል። ሬትም ድንጋይ መሀል ያዘ።

እኔን ከሰማችሁ ለዱር አበባ አፈር አትግዙ። ፍግ የሚያፋፋው አረሙን ነው። ዝናብ ካለ ውሃ አታብዙ። የማታውቁትን ቡቃያ ሳያብብ ንቀሉ፣ ጓንት አድርጋችሁ። ከድሬ በታች ያለውን ያንን ግንደ ወፍራም፣ ሮዝ አበባ የበረሃ ዛፍ ቆፍራችሁ ወደ ሐረር አታምጡ። ብርዱን አይችልም፤ ወተቱም መርዝ ነው።

አምና በልግ ግንቡ ጥግ ስምንት ፈረምሲሳ ነቀልኩ። ዘንድሮ ሦስት። አዴም ወተቱን ከመቅዳታቸው በፊት ጥጉን ያያሉ።