ተመላሹ በትልቁ፣ ገደቡ በጥቃቅኑ

ዛሬ የክሬዲት ካርድ ውሎች ሳነብ ዋልኩ። «5 በመቶ ተመላሽ» (በካርዱ ካወጣችሁት ገንዘብ የሚመለስላችሁ) በትልቁ ይጻፋል፤ 5 በመቶው የሚታሰብበት ጣሪያ ሲሞላ ወደ 1 በመቶ እንደሚወርድ ግን በጥቃቅን ፊደል ነው (ዓይን ይፈልጋል!)።

ካርድ ከማየታችሁ በፊት የ3 ወር ወጪያችሁን በምድብ ደምሩ፦ አስቤዛ፣ ነዳጅ፣ ጉዞ፣ ሌላ። ዓመታዊ ክፍያው 95 ሆኖ 3 በመቶ የሚመልስ ካርድና ያለ ክፍያ 2 በመቶ የሚመልስ ካርድ ልዩነታቸው 1 በመቶ ነው። ስለዚህ 95ቷን ለማካካስ ብቻ በዓመት 9,500 ማውጣት አለባችሁ። ወጪያችሁ ከዚያ በታች ከሆነ ነፃው ይሻላል።

ተመላሹ የሚሰላበትን ምድብ የሚወስነው የገዛችሁት ዕቃ ሳይሆን ሱቁ የተመዘገበበት የንግድ ዓይነት ኮድ ነው። ሁሉን ከሚሸጥ ትልቅ መደብር የገዛችሁት ዘይትና ዱቄት እንደ አስቤዛ ላይቆጠር ይችላል፤ «ተመላሼ የት ገባ?» የሚያስብለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ዕቃ ከመለሳችሁ ያገኛችሁት ተመላሽም አብሮ ይቀነሳል። በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣትማ ባይነካ ይሻላል፤ ተመላሽ የለውም፣ ወለዱም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀን ይጀምራል።

ካርዱ የሚመልሰው በገንዘብ ሳይሆን በነጥብ ከሆነ ደግሞ የአንዱን ነጥብ ዋጋ አካፍላችሁ አውጡ። 10,000 ነጥብ 50 ብቻ የሚያወጣ ከሆነ አንዱ ነጥብ ግማሽ ሳንቲም ነው፤ ለምታወጡት ገንዘብ «በየአንዱ 2 ነጥብ» ያላችሁ ካርድ እንግዲህ የሚመልሰው 1 በመቶ ነው።

ዕዳ ከወር ወር የምታሻግሩ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ተዉት። 24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በወር 2 በመቶ ነው፤ የ2 በመቶ ተመላሻችሁን በአንድ ወር ይበላዋል። እናንተ የምትፈልጉት ወለዱ ዝቅ ያለ ካርድ ነው።